የሸክላ ሠሪዋ ዋስ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቢቸና

ከቢቸና የተነሣሁት አንዲት ሴት በግድ ሰው ላይ እንዳትተፋ ለመርዳት ነው። ነገሩ እንዲህ ሲጻፍ ያስቃል። ሰኞ ጠዋት ማስተዋል መጥታ ስትነግረኝ ግን አላሳቀኝም።

ሥራዬ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ነው። ግጥምም እጽፋለሁ፤ እሱን ያስተማረኝም የሚከፍለኝም የለም። ማስተዋል ቢቸና ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ ወይዘሮ ሙሉ ከሞጣ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ሸክላ እየሠሩ ይኖራሉ። በዚያ መንደር የአቶ ዘለቀ ልጅ የሽወርቅ በጠና ታማለች። በትኩሳት ስትቃዥ ጭስ እያጠኑ «ማን በላሽ?» ብለው ጠየቋት። እሷም «ሙሉ» አለች።

ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል የሚለውን ወሬ እኛ አገር ከጡት ጋር ነው የምንጠባው። ስሙ የተጠራ ሰው መጥቶ በሽተኛው ላይ ይተፋል፤ ያኔ ሕመሙ ይለቃል ይባላል። ለወይዘሮ ሙሉ የተሰጣቸው ቀጠሮ ረቡዕ ጠዋት ነበር። ወይ መጥተው ይተፋሉ፣ ወይ መንደሩን ለቀው ይወጣሉ። ቤታቸው ላይ ክብሪት እንጭራለን ያሉም ነበሩ።

«እናቴ አትተፋም» አለችኝ ማስተዋል። «አውቃታለሁ። ቢገድሏትም አትተፋም።»

እኔ የማውቀውን አደረግሁ። ሁለት ገጽ ማመልከቻ ጻፍሁ፤ የሰብአዊ መብት አንቀጾችን በቁጥር ጠቀስሁ፤ የዛቱትን ሰዎች ስም ከነአባታቸው ዘረዘርሁ። ወረቀቱን ይዤ መምሬ ጌጡ ዘንድ ሄድሁ። መምሬ በዚያ መንደር ቤተ ክርስቲያን ብዙ ዓመት ቀድሰዋል፤ ወደ ቢቸና ከተዛወሩ በኋላም የአቶ ዘለቀ ቤተሰብ የነፍስ አባት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ጽሑፍህ ያምራል» አሉ። «ግን ይህ ማኅተም እስኪያገኝ ረቡዕ ያልፋል። ነገ እንሂድ።»

ማስተዋል አብሬ ልሂድ ብትል ከለከሏት። «አንቺ ከመጣሽ የምንጠብቀው ሁለት ሰው ይሆናል» አሏት።

ረፋድ፣ ከደብረ ወርቅ ወዲያ

ሚኒባሱ እስከ ጉንደ ወይን ለሰው ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ጠየቀን። ታሪፉ ስንት እንደሆነ የጠየቀች አንዲት ነጋዴ ነበረች፤ ረዳቱ «ታሪፉን የያዘው ሰው ይምጣና ይንዳ» አላት። በግራ በኩል ጮቄ ደመና ለብሷል። በሁለቱም ወገን ጤፉ ቢጫ ሆኖ አጫጆች በመደዳ ጎንበስ ብለዋል። ደብረ ወርቅ ስንቆም ሻይ ጠጣሁ። የነቢያት ጾም ገብቷልና መምሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም፤ ከመኪናው አልወረዱም።

ጉንደ ወይን ሳንደርስ ታጣቂዎች አስቆሙንና ሁላችንንም አወረዱን። አንደኛው ኪሴን ሲፈትሽ ማመልከቻውን አገኘው። ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ማመልከቻ ነው።»

«የሰው ስም ጽፈሃል። የሰው ስም ጽፎ መንገድ ለመንገድ የሚዞር ምን ይባላል?»

ከጎኔ የቆሙት ተሳፋሪዎች ትንሽ ትንሽ እየራቁኝ እንደሆነ አየሁ።

«ጸሐፊ ይባላል፣ ልጄ» አሉ መምሬ። «እኔ የነፍስ አባት ነኝ። የታመመች ልጅ አለችኝ፤ ቀኑም እየሄደብን ነው።»

ሰውየው መምሬ የያዙትን መስቀል አየና ጎንበስ ብሎ ተሳለመ። ወረቀቱን አጣጥፎ ደረቴ ላይ ለጠፈው።

መኪናው ውስጥ ገብተን ብዙ ከሄድን በኋላ መምሬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ነገ ያን ወረቀት ከኪስህ እንዳታወጣ። ለገበሬ ወረቀት መጣ ማለት መሬቱ ሊለካ ነው፣ ወይም ሰው ሊታሰር ነው።»

«የተጻፈው እውነት ነው፣ አባ።»

«መች ሐሰት ነው አልሁ? ጊዜ አለው ነው የምልህ።»

ከጉንደ ወይን ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና አልነበረም። ለምን እንደሌለ የጠየቀ ሰውም አልነበረም። ከቀትር በኋላ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ተገኘና ጆንያ ላይ ወጣን። ሞጣ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። አንድ አልጋ ለሁለት ያዝን። መምሬ ቆሎ ቆርጥመው ጸሎታቸውን ቀጠሉ፤ እኔ በአንቀጾቼ ላይ አሰመርሁ።

ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት፣ አቶ ዘለቀ ግቢ

ገና ሳይነጋ ተነሥተን በእግር ገባን። ከግቢው ውጭ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ጋቢያቸውን ተከናንበው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። መምሬን ሲያዩ ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ። እኔን «ይህስ ማነው?» አሉ፤ መምሬ «አብሮኝ የመጣ ነው» ብለው አለፉ።

ቤቱ በጎማና በሥር ጭስ ታፍኗል። የሽወርቅ መደብ ላይ ተኝታለች፤ ሃያ ዓመት አይሞላትም። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኗ ተገልጦ ማንንም አያይም። መምሬ በመዳፋቸው ግንባሯን ነኩ።

«ቆላ ወርዳ ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

«ለአጨዳ ወርዳ ነበር፣ አባ» አሉ እናትየው። «ዓባይ በረሃ እህቴ አለች። ከተመለሰች ሁለት ሳምንቷ ነው።»

«እንግዲያው ወባ ነው። ዛሬውኑ ሞጣ ሆስፒታል ትግባ።»

አቶ ዘለቀ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ረጅም፣ እንቅልፍ ያጡ ሰው ናቸው። «አባ፣ ቡዳ የበላውን ሰው መርፌ ሲነካው እንደሚሞት ረሱት? የወንድሜን ልጅ እንዲያ አድርገን ነው የቀበርናት። መጀመሪያ ሙሉ ትምጣና ትትፋ። ከዚያ የፈለጉበት ይውሰዷት።»

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። እስከዚያ ድረስ አቶ ዘለቀን ክፉ ሰው አድርጌ ነበር የሳልኋቸው።

መምሬ እጃቸውን ይዘው ወደ ውጭ አወጧቸውና ከሰዎቹ ጋር ተቀመጡ። ቀስ እያሉ ያነጋግሯቸው ጀመር። ቆላ ወርደው በትኩሳት የተመለሱትን በስም አነሡ፤ በክኒን የዳኑትን ቆጠሩ። ሁለት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። ነገሩ እየላላ ነበር። እኔ ግን ትዕግሥት አጣሁ። ደግሞም፣ ልደብቀው አልችልም፣ የጻፍሁትን ጮክ ብዬ ማንበብ እወዳለሁ። ተነሣሁና ወረቀቱን አወጣሁ።

«ወይዘሮ ሙሉ እንደማንኛውም ሰው ሙሉ መብት አላቸው» ብዬ ጀመርሁ። ሸክላ ሠሪን «እሳቸው» ስል ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አንቀጾቹን አነበብሁ። ከዚያ ስሞቹን ማንበብ ጀመርሁ።

ሦስተኛው ስም ላይ ስደርስ የሚስቅ አልነበረም።

«ስማችንን ጽፎ ነው የመጣው» አለ አንድ ጎልማሳ፤ ስሙ የተጠራው እሱ ነበር።

አቶ ዘለቀ ወደ መምሬ ዞሩ። «አባ፣ በሽምግልና የመጡ መስሎኝ መስቀልዎን ተሳለምሁ። ክስ ይዘው ኖሯል?»

መምሬ መልስ ሳይሰጡ ጎልማሳው «ከሳሽ የጠራችብን እሷ ናት!» አለና ዱላውን አንሥቶ ወደ ወንዙ ቁልቁል ሮጠ። ሌሎቹም ተከተሉት። የወይዘሮ ሙሉ ቤት ከታች፣ ጭቃው ከሚቆፈርበት ወንዝ ዳር ብቻውን ነው ያለው። እኔም ሮጥሁ። ሰዎቹን ለመቅደም ይሁን ለመከተል እስካሁን አላውቅም።

አራት ሰዓት፣ ወንዝ ዳር

ወይዘሮ ሙሉ ድምፁን ሰምተው ከቤት ወጥተዋል። አጭር፣ ክርናቸው ድረስ ጭቃ የነካቸው ሴት ናቸው። ጎልማሳው ግቢያቸውን ሊረግጥ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቀኝ እጃቸውን አነሡ።

«በሕግ አምላክ» አሉ። አልጮኹም። «በሕግ አምላክ፣ ቁም።»

በእኛ አገር ይህ ቃል የተነገረው ሰው ይቆማል፤ ካለፈ አምላክንም ሕግንም ረግጧል። ጎልማሳው ግን እግሩን አንሥቶ ቆየ። ቃሉ ለሸክላ ሠሪም ይሠራ እንደሆነ የሚያስብ ይመስል ነበር። ከኋላው ያሉት እየገፉት ነው። አንድ ሽማግሌ እያለከለኩ ደርሰው «ልጄ፣ በሕግ አምላክ ተብለሃል» አሉት። እግሩን መለሰው።

መምሬ በመጨረሻ ደረሱ። ወደ እኔ አላዩም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አቶ ዘለቀ ወደ ፊት ወጡ።

«ሙሉ፣ ነይና ልጄ ላይ ትፊ። ሌላ አልጠይቅሽም።»

«አልተፋም፣ አያ ዘለቀ።»

«ለምን?»

«ብተፋባትና ብትድን ቡዳ ነኝ። ብተፋባትና ብትሞት ገዳይ ነኝ። ለኔ የሚሆን መንገድ የቱ ጋ ነው?»

ጎልማሳው «ጭቃ አቡኪ ደግሞ ሙግት ታውቃለች» አለ።

«አንተ» አሉት መምሬ። «መጀመሪያ ጭቃ የነካው እጅ የማን ነው? አዳም ከምን ተሠራ? የሰንበቴያችሁ ጋንስ የማን ሥራ ነው?»

«የሷ።»

«በየሰንበቱ ከዚያ ጋን ትጠጣላችሁ። እስካሁን ስንታችሁ ተበላችሁ?»

አንድ ሰው ሳቀና ጎረቤቱ በክርኑ ነካው። አቶ ዘለቀ አልሳቁም።

«እሺ፣ አባ» አሉ በመጨረሻ። «በእርስዎ ቃል ልጄን እወስዳታለሁ። መርፌው ከገደላት ግን የምጠይቃት ሙሉን ነው። እስከዚያ እንዳትጠፋ ዋስ ትጥራ።»

ወይዘሮ ሙሉ የቆሙትን አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም ቤት የሳቸው እንስራና ምጣድ አለ። ዓይናቸው ያረፈበት ሰው ሁሉ ወደ እግሩ አቀረቀረ።

«ዋስ የለኝም» አሉ። «ዋስ የሚሆነኝ ቢኖር ስሜስ መች ይጠራ ነበር።»

«እኔ እሆናለሁ» አልሁ።

«አንተ? የየት አገር ሰው ነህ?»

«የቢቸና።»

አቶ ዘለቀ መታወቂያዬን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። «ከዚህ ግቢ አትወጣም። እሷ ከጠፋች የምይዘው አንተን ነው። ልጄ ከሞተች ደግሞ...» ብለው ተዉት። ቀጥለው «ወረቀቱንም አምጣ» አሉ።

«ወረቀቱ የኔ ነው» አሉ ወይዘሮ ሙሉ። «የኔ ስም አለበት።» ከእጄ ወስደው በረንዳው ላይ ካለ ባዶ ገንቦ ውስጥ ጣሉት። የተከራከራቸው አልነበረም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የሽወርቅን በቃሬዛ ተሸክመው ሽቅብ ሲወጡ አየን። ከፊት በስተቀኝ ትከሻቸውን የሰጡት ነጭ ጥምጥማቸው ከሩቅ የሚታየው መምሬ ነበሩ።

ረቡዕና ሐሙስ፣ ጥበቃ

ሁለት ሰዎች ከላይ አፋፉ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል፤ አንዱ ጠመንጃ ይዟል። ስልክ ኔትወርክ የለውም። ከሞጣ ሰው እስኪመጣ ምንም የምናውቀው ነገር የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወይዘሮ ሙሉ እንጀራ በሽሮና በጎመን አቀረቡልኝ። ከማለዳ ጀምሮ አልበላሁም። እጄን ታጠብሁ፤ ተቀመጥሁ፤ እጄ ግን አልዘረጋ አለ። ልጅ ሆኜ በሸክላ ተራ ስናልፍ እናቴ የያዝሁትን ዳቦ በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። ስለ መብት ሁለት ገጽ የጻፍሁት ሰው፣ ነፍሴን ዋስ ያደረግሁት ሰው፣ ያን ነጠላ ከራሴ ላይ መግፈፍ አቃተኝ።

«ሆዴን አሞኛል» አልሁ።

ፊቴን አላዩም። ምግቡን በሰፌድ ከደኑት። «ይማርህ። ሲሻልህ እዚሁ አለ» አሉ።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ አየኋቸው። ሸክላው አይዞርም፤ እሳቸው ናቸው ጎንበስ ብለው ወደ ኋላ እየተራመዱ የሚዞሩት። ዙሪያውን በመዳፍ እያነሡ፣ በለስላሳ ድንጋይ ውስጡን እያሹ፣ እንደገና ይዞራሉ። ከአፋፉ ላይ ድንጋይ በተንከባለለ ቁጥር እጃቸው ለአፍታ ይቆማል፤ ከዚያ ይቀጥላል። እኔ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ወደ መንገዱ አየሁ።

«የሽን ከሕፃንነቷ አውቃታለሁ» አሉ ሳይጠየቁ። «እዚህ ትመጣ ነበር። ትንሽ ማሰሮ ሠርቼ ሰጥቻት አባቷ ሰበረባት። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።» ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ነከሩ። «ሰው ሲቃዥ የሚወደውንም ይጠራል፣ ልጄ። ይህን ለማን ልንገር?»

ሁለቱ ጠባቂዎች ከአፋፉ ላይ ያዩናል። እነሱም የወይዘሮ ሙሉን ግቢ ለመርገጥ የፈሩ፣ እኔም ሰፌዱን ለመክፈት የፈራሁ፤ በመካከላችን የነበረው ልዩነት እኔ የምቀመጥበት ቦታ ብቻ እንደሆነ ታየኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እኔው ሄጄ ሰፌዱን ከፈትሁ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳላላምጥ ዋጥሁት። በሁለተኛው ሽሮው ጨው እንዳነሰው አስተዋልሁና ጨው ጠየቅሁ።

ዓርብ፣ እኩለ ቀን

አቶ ዘለቀ ብቻቸውን ቁልቁል ሲመጡ አየን። ከሩቅ ፊታቸው አይነበብም። ወይዘሮ ሙሉ ተነሡ፤ ጭቃው ከጣታቸው ይንጠባጠባል። እኔ የቤቱን በር ተደገፍሁ።

«አለች» አሉ አቶ ዘለቀ ግቢው ጠርዝ ላይ ቆመው። «ትናንት ማታ ውሃ ጠየቀች። ደሟ ታይቶ ወባ ነው ተብሏል። አባ አብረዋት ናቸው።» መታወቂያዬን አወጡ። «ዋስነትህ ወርዷል።»

ሊመለሱ ዞሩ።

«አያ ዘለቀ» አሉ ወይዘሮ ሙሉ። «ልጅዎ በመትረፏ እግዚአብሔር ይመስገን። የኔስ ስም?»

«ስምሽ ምን ሆነ?»

«ሰው በተሰበሰበበት ጠራችሁት። ሰው በተሰበሰበበት መልሱልኝ። እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደጀ ሰላም።»

«ምን ብዬ ልመልሰው?»

«ልጄን ያመማት ወባ ነው ይበሉ። ሌላ አልፈልግም።» ከገንቦው ውስጥ ወረቀቱን አወጡ። «እሑድ ካላሉት ሰኞ ይህንን ይዤ ሞጣ እወጣለሁ።»

«ማንበብ አትችይም።»

«ፍርድ ቤት የሚያነቡ አሉ።»

አቶ ዘለቀ ወረቀቱን አዩ፤ ከዚያ እኔን። «እሑድ ይምጣ» ብለው ወጡ። አፋፉ ላይ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ተነሥተው ተከተሏቸው።

ቅዳሜ፣ ቢቸና

ዓርብ ሞጣ አደርሁ፤ ቅዳሜ በዕድል አንድ ሚኒባስ በቀጥታ ወጣ። ታጣቂዎቹ በዚያው ቦታ አስቆሙን፤ ኪሴ ባዶ ነበርና ወዲያው አለፍሁ። ወረቀቱ ወይዘሮ ሙሉ ዘንድ ነው።

መምሬ በሳምንቱ ተመልሰው የእሑዱን ነገሩኝ። አቶ ዘለቀ ደጀ ሰላም ላይ ቆመው ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄን ያመማት ወባ ነው» አሉ። ወይዘሮ ሙሉ ከሴቶቹ መካከል «አልሰማሁም» አሉ። አቶ ዘለቀ ደገሙት። ሰንበቴው ግን ወይዘሮ ሙሉን እስካሁን አላስገባቸውም። መምሬ ስለ ወረቀቴ አንድ ቃል አልወቀሱኝም። እኔ ግን ያን ቀን አፌ ወይዘሮ ሙሉን ሊያስገድላቸው እንደነበር አውቃለሁ፤ ወረቀቱ የሠራው በእሳቸው እጅ፣ በእሳቸው ጊዜ ሲወጣ ነው። አሁንም ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከመጻፌ በፊት ግን ባለቤቱን መቼ ማውጣት እንደሚፈልግ እጠይቃለሁ። ሰው በአርአያ ሥላሴ ተፈጥሯል ብሎ ማመን ለእኔ ቀላል ነበር፤ የከበደኝ አንድ ጉርሻ ነው።

ማስተዋልን ያገኘኋት ገና ቅዳሜ ከሰዓት ስገባ ነው። የተከራየችበት ግቢ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። እናቷ ደህና መሆናቸውን፣ የሽወርቅ መትረፏን፣ ስለ እሑዱ ቀጠሮ ነገርኋት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ከእጇ በላህ?»

«በላሁ።»

«ረቡዕ ነው ሐሙስ?»

ልዋሽ አሰብሁ። «ሐሙስ» አልሁ። «ረቡዕ ሆዴን አሞኛል አልኋቸው።»

አልተቆጣችም። ቦርሳዬን ከትከሻዬ ተቀበለችኝና ወደ ግቢ ገባች።

«እኛ ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ሆዱን ያመዋል» አለች። «አንተን ቶሎ ለቆሃል።»